ግማሹን ሞገድ ማጥፋት

በዚያ ዓመት ስልክ በተቋረጠ በሦስተኛው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችን የረጅም ርቀት ሬዲዮ ዲዳ ሆነ። ድርጅቱ በጣና ደሴቶች ያሉ ጤና ኬላዎችን ይረዳ ነበር፤ እኔ የመሣሪያ ጠጋኟ ነበርሁ። ስልክ ሲጠፋ ከደሴቶቹ ጋር የሚያገናኘን ያ ሬዲዮ ብቻ ነው። ከፍቼ ስመረምረው የተሰነጠቀው የክሪስታል ማጣሪያው ሆኖ አገኘሁት። መለዋወጫው ባሕር ዳር የለም፤ ከአዲስ አበባ እንዳናስመጣ መንገዱ ዝግ ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝን ሽማግሌ አስጠራሁ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ ነበር የሚኖሩት። ፋሲሎ ሰፈር ወዳለው ወርክሾፓችን በሚኒባስ መጡና ክሪስታሉን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት።

«ይኼ አይድንም» አሉ።

«ምን ይሻላል ጋሼ?»

«ያለ እሱ መሥራት ነዋ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ በሬዲዮ ሞገድ ላይ ሲጫን ከዚያ ተሸካሚ ሞገድ በላይ አንድ፣ ከበታች አንድ፣ ሁለት ጎን ያወጣል። ሁለቱም የሚናገሩት ያንኑ ነው። ስለዚህ ተሸካሚውንና አንዱን ጎን አጥፍተን ጉልበቱን ሁሉ ለቀሪው እንሰጣለን። አንዱን አሳልፎ ሌላውን የሚያግደው ማጣሪያው ነበር። መጀመሪያ እሱን ዘለን ሁለቱንም ጎን ለቀቅናቸው። ከደሴቶቹ በአንዱ ላይ ያለው ነርስ «ሰው ሲያወራ ይሰማኛል፤ ቃሉን ግን መለየት አልቻልሁም» እያለ ደጋገመ። ጉልበታችን ለሁለት ተከፍሎ ከጫጫታው በታች ቀርቶ ነበር።

ጋሼ የመረጡት ዘዴ ሌላ ነው። ድምፁን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ከሌላው በሩብ ዑደት ማዘግየት፣ ተሸካሚውንም እንዲሁ፤ ከዚያ መደመር። ሲደመሩ አንዱ ጎን ይበረታል፣ ሌላው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሩብ ዑደቱ ግን ለቀጭኑም ለወፍራሙም ድምፅ እኩል መሆን አለበት፤ ትንሽ ከተዛነፈ የጠፋው ጎን ይመለሳል። ድምፁን የሚያዘገዩትን ካፓሲተሮች ከአሮጌ ቴሌቪዥኖች እየነቀልሁ አንድ በአንድ እለካለሁ። ጠዋት ያስተካከልነውን የቀትር ሙቀት ያበላሸዋል። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። ሲደክማቸው መበየጃውን ሰጡኝ። «አንቺ ያዥው፤ እኔ ልናገር» አሉ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ የታችኛው ጎን ጠፋ ማለት ይቻላል። ነርሱን ጠራሁት።

«ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ እህቴ» አለኝ። ሳቅሁ፤ ጋሼም ሳቁ። ነርሱ ግን አልሳቀም። «ምጥ የያዛት እናት አለች። ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ደም እየፈሰሳት ነው። ጀልባ ላኩልኝ።»

ወደ ወደቡ በረርሁ። ጀልባዎቹ ሁሉ ታስረዋል፤ ነዳጅ ከጠፋ ሰንብቷል። አንዱን ባለጀልባ ለመንሁት።

«እኔስ ጠልቼ ነው? በምን ልሂድልሽ?» አለና ጄሪካኑን ገልብጦ አሳየኝ።

«እነሱስ በታንኳ ቢያመጧት?»

«ነፋሱን አታዪም እንዴ?»

ነዳጅ ፍለጋ ሁለት መሥሪያ ቤት ዞርሁ። አንዱ ዝግ ነበር፤ ሌላው ነገ ተመለሽ አለኝ። ወርክሾፑ ገብቼ ማይክሮፎኑን ያዝሁ።

«ጀልባ አጣሁ» አልሁት።

«ነገስ?»

«እንጃ።»

«ሰምቻለሁ» አለ። ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር።

ጠዋት ስጠራው ሞታለች አለኝ፤ ከነልጇ። ጋሼ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ድምፃችን ተዛብቶ ነበር እንዴ? ያልሰማነው ነገር ይኖር ይሆን?»

«አልተዛባም ጋሼ። ሁሉም ደርሷል።»

ተዛብቶ ቢሆን የሚቀልላቸው ይመስል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ወርክሾፑን አልረገጡትም።

ስልክ ሲመለስ አለቃዬ ሬዲዮው ይነሣ አለ፤ አነሣሁት። አምና ከገበያ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ አንድ ሰው «ወራጅ አለ» ሲል ያ የነርሱ ድምፅ መሆኑን አወቅሁ። ፊቱን አይቼው አላውቅም ነበር። ካሰብሁት በላይ ልጅ ነው፤ ሻንጣ ይዟል። ከደሴቱ ሥራ ለቅቆ እንደወጣ ቀደም ብዬ ሰምቻለሁ። ጉልበቶቼን ሰብስቤ አሳለፍሁት። «ይቅርታ፣ እህቴ» ብሎኝ ወረደ። ድምፄን ቢሰማ ያውቀኝ ነበር።