ኮምቦልቻ ላይ የለበስኩት ሹራብ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን። ዛሬ መመስከር ፈልጌ ነው የቆምኩት። አንዳንዶቻችሁ "ይቺ ሴትዮ ባለፈው መስክራ አልነበር እንዴ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ መስክሬያለሁ። እዚሁ ቆሜ "ፈጽሞ ተፈውሻለሁ" ብያችሁ እልል ብላችሁልኛል። የዛሬው ምስክርነቴ ያንን ለማረም ነው። ለማረምም ጊዜ የሚሰጥ ጌታ ስሙ ይባረክ!

ለማታውቁኝ፣ ዘነበች እባላለሁ። እዚሁ ደሴ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁለት ልጆቼን የማሳድገው በአንዲት የስፌት መኪና ነው። ጌታን ሳላውቅ ኃይለኛ ሴት ነበርኩ፤ ቀጠሮ የማሳልፈውም እኔ፣ ደንበኛ ላይ የምጮኸውም እኔ። ጌታ ከዚያ አወጣኝ፣ ክብር ለእሱ ይሁን። አንድ ነገር ግን አብሮኝ ወደ ቤቱ ገባ፤ ሁሉን አውቃለሁ ማለት።

ድካሙ ከጀመረኝ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ደክሞኝ እነሳለሁ። ትከሻዬን፣ ጭኔን፣ ጣቶቼን ሳይቀር ይጠዘጥዘኛል። የመኪናዬን መርገጫ መርገጥ እንኳ ዳገት መውጣት ሆነብኝ። ታዲያ እህቴ ኩላሊት ነው አለች፤ ጎረቤቴ እትዬ ዘሐራ ደግሞ የለም ሪህ ነው አሉ። እኔም የሁሉንም ምክር ተቀበልኩ። ሐኪም ፊት ግን አልቀረብኩም። በቀጥታ ላብራቶሪ እሄድና ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው "ይሄን ሥሩልኝ፣ ያንንም ጨምሩበት" እላለሁ። ለታይፎይድ ብቻ ስንት ጊዜ ደም እንደሰጠሁ እሱ ያውቃል። ራጅም ተነሳሁ፣ አልትራሳውንድም ታየሁ። ወረቀቱን ሁሉ በፌስታል አጠራቅም ነበር።

አንድ ሳምንት የመረጥኩት ምርመራ ሁሉ ደህና ነው ተባለ። "በቃ፣ ድኛለሁ ማለት ነው" ብዬ በዚያው እሁድ መጥቼ መሰከርኩላችሁ። ሰኞ ጠዋት ከአልጋዬ መነሳት አቃተኝ።

ወገኖቼ፣ ከሕመሙ የባሰው ከዚህ በኋላ ነው የመጣው። ተፈውሻለሁ ያለች ሴት ሐኪም ቤት ደጅ ብትታይ እምነቷ ጎደለ ይሏታል ብዬ ፈራሁ። እናንተ አላላችሁኝም፤ እኔው ነኝ ለራሴ ያልኩት። እሁድ እሁድ እየሳቅኩ እመጣለሁ፣ ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ እወድቃለሁ። ድምፄም ጎረነነ። የመዘምራኑ አስተባባሪ በፍቅር ጠርቶኝ ለጥቂት ጊዜ ከወንዶቹ ጎን ብቆም ምን እንደሚመስለኝ ጠየቀኝ። ግዴለም ሳቁ፣ አሁን እኔም እስቃለሁ። ያን ቀን ግን አልቅሻለሁ። የተቀበልኩት ጨርቅ ሳይሰፋ ተከምሮ ነበር፤ እንዲህ ከቀጠለ ሱቄን እንደምዘጋ ገባኝ።

ስለዚህ ተደብቄ ልታይ ወሰንኩ። ደሴ የማያውቀኝ የለም፣ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ አልኩ። ፌስታሌን ያዝኩ፣ ሁለት ሹራብ ደረብኩ፣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ሚኒባስ ገባሁ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንወርድ "ጌታ ሆይ፣ ከሚያውቀኝ ሰው ሰውረኝ" ብዬ ጸለይኩ።

ክሊኒኩ ውስጥ ተራ መጠበቂያው ላይ፣ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ጋሽ ይመር! የራሳችን ሽማግሌ፣ ያን እሁድ ስመሰክር ከሁላችሁ በላይ "ሃሌ ሉያ" ያሉት። ይኸው እዚህ ፊት ተቀምጠው ይስቃሉ፤ እንድናገር ፈቅደውልኛል።

ዞር ብዬ ልወጣ ስል ጠሩኝ።

"አንቺም ወረድሽ?"

አንቺም ነው ያሉት። ለካ እሳቸውም ስኳራቸውን ለመታየት ተደብቀው ነው የወረዱት። ለሕመምተኛ የሚጸልይ ሽማግሌ ራሱ ታመመ መባሉ አሳፍሯቸው። ተያየን፣ ከዚያ ነርሷ እስክትቆጣን ድረስ ሳቅን። አሁንም ልሂድ ብዬ ዞር ስል "ተቀመጪ ልጄ፣ ጌታ የማያውቀው በሽታ ይዘሽ አልመጣሽም" አሉኝ። ተቀመጥኩ፣ ጌታ ይመስገን።

ሐኪሟ ሂጃብ ያደረገች፣ ረጋ ያለች ወጣት ናት። ፌስታሌን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩና የቀረኝን ምርመራ እንድታዝልኝ ጠየቅኳት። ወረቀቱን አንድ በአንድ አይታ ይህን ሁሉ ማን እንዳዘዘው ጠየቀችኝ። እኔው ነኝ አልኳት። ከዚያ ወረቀቱን ትታ እኔን ማየት ጀመረች።

"እናቴ፣ እኛ እዚህ በሙቀት አልቀናል። እርስዎ በሁለት ሹራብ አይሞቅዎትም?"

ወገኖቼ፣ ልብ በሉልኝ! ደሴ ላይ ሹራብ ለምን ለበስሽ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ሁላችንም እንለብሳለን። ብርዱ የከተማው ነው ብዬ ነበር የተቀመጥኩት፤ የገዛ ሰውነቴ ኖሯል። ልደበቅ በወረድኩበት አገር እግዚአብሔር በሹራቤ ገለጠኝ። ሃሌ ሉያ!

ድምፄ ከመቼ ጀምሮ እንደጎረነነ፣ ጸጉሬ ይረግፍ እንደሆነ፣ ሆዴ ይደርቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከቤተሰብ እንቅርት ያለበት አለ ወይ ስትለኝ እናቴ እንደነበረባት ነገርኳት። አንገቴን ዳሰሰችና አንድ የደም ምርመራ ጻፈችልኝ። እኔ ደግሞ ያው ነኝ፣ ይሄ ብቻ ነው ወይ ብዬ ተከራከርኩ።

"መጀመሪያ ይሄን እንይ፣ ካልሆነ የሚቀጥለውን እናስባለን። አብሽሩ" አለችኝ።

ውጤቱ ከቀናት በኋላ መጣ። አንገቴ ላይ ያለችው ታይሮይድ የምትባል እጢ ሥራዋን አጓድላለች። ድካሙም፣ ሕመሙም፣ ብርዱም፣ ድምፁም ከእሷ ነው ተባልኩ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ የምውጠው አንድ ክኒን ታዘዘልኝ፤ ምናልባት ዕድሜ ልኬን እወስደው ይሆናል።

በአንድ ቀን አልተነሳሁም፣ ዳግመኛ አልዋሻችሁም። ቀስ በቀስ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን የሙሽራ ቀሚስ ሰፍቼ ስጨርስ ቀና ብዬ ሰዓት አየሁ፤ ሳላርፍ መዋሌን ያኔ ነው ያወቅኩት። መኪናዬን አቅፌ "ተመስገን" አልኩ። አንዱ ሹራብም ወልቋል፣ ይኸው እዩኝ! አስተባባሪያችን፣ ወደ ድሮ ቦታዬ ልመለስ ነው፣ ተዘጋጅ።

አንዳንዱ ይሄ የክኒን ነው እንጂ የጌታ አይደለም ይል ይሆናል። እኔ ክኒኑን የምውጠው እሱን አመስግኜ ነው። ያቺን የምታስተውል ሐኪም የሰጠኝ እሱ ነው፤ ከወንበሬ እንዳልሸሽ ጋሽ ይመርን ያስቀመጠልኝም እሱ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት እኔና ጋሽ ይመር ለክትትል እንወርዳለን፣ ያለ ክንንብ፣ በግልጽ። እዚህ መካከል ቤቱ ፌስታል የደበቀ ካለ በጌታ ይታመን፣ ሕመሙንም ሳያፍር ይናገር። ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ አለ፤ የበረዳችሁ ሹራባችሁን እንደለበሳችሁ ኑ።