የተጨመረችው ማክሰኞ

መንግሥት የመስቀልን በዓል በአንድ ቀን ማራዘሙን ስነግራቸው አባቴ መጀመሪያ ያሉት «ምነው፣ ምን ተገኘ?» ነው። በእሳቸው ዕድሜ መንግሥት ቀን ሲወስድ እንጂ ሲሰጥ አላዩም። በዓሉ ሰኞ ይውል ነበር። ማክሰኞም ሥራ ዝግ እንዲሆን የተወሰነው ሕዝቡ ወጣ ብሎ አገሩን እንዲጎበኝ፣ ሆቴሉም መኪናውም ገበያ እንዲያገኝ ነው ተብሎ በቴሌቪዥን ተነገረ። ታላቅ ወንድሜ አስተማሪ ነውና ለተማሪ እንደሚያስረዳ አድርጎ ሁለቴ አብራራላቸው። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ጉብኝትማ የወረዳ ሹሞች እርከን ሊያዩ ሲመጡ የሚያደርጉት ነው» አሉ። «እኔ ደግሞ የማንን እርከን ልጎበኝ ነው?»

ያን ሰሞን ደብረ ታቦር ሌላ ወሬ አልነበራትም። እኔ ከኩዌት ከተመለስኩ በኋላ ትንሽ ፀጉር ቤት ከፍቻለሁ፤ የከተማው ወሬ ሁሉ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። አንዷ ባሕር ዳር ሄጄ ሐይቅ ዳር አሳ እበላለሁ ትላለች። ሌላዋ ጎንደር ወርጄ ግንቡን አያለሁ ትላለች። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛዋ ግን ቀኑን ሙሉ በሬን ዘግቼ ነው የምተኛው አለችና ሁላችንም በልባችን ቀናንባት። እኔ ደግሞ አባቴን ይዤ ወንዛዬ ፍል ውኃ ለመውረድ አሰብኩ።

«ምን አመመኝ?» አሉኝ።

«ምንም አላመመዎትም። ለመዝናናት ነው እንጂ።»

«ወንዛዬ የታመመ ነው የሚሄደው። ደህና ሰው ሄዶ የበሽተኛ ቦታ ይይዛል?»

ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁና እሱን አነሳሁባቸው። ጉልበቴ ጨዋ ነው፣ አርፎ ይቀመጣል ብለው ዘጉኝ።

አባቴ እንዲህ ናቸው። ያለ ምክንያት ተጉዘው አያውቁም። ለቅሶ ይሄዳሉ፣ ሰርግ ይሄዳሉ፣ ለማኅበርና ለምስክርነት ይሄዳሉ፤ ዝም ብሎ መንገድ መውጣት ግን ለእሳቸው የሰነፍ ሥራ ነው። ጉና ላይ አንዲት ታላቅ እህት አሏቸው፤ በሕይወት የቀረ እህትም ወንድምም ሌላ የላቸውም። አክስቴ አባቴን አዝለው ነው ያሳደጓቸው። ከእኛ ቤት እሳቸው ዘንድ በመኪና ከዚያም በእግር ቢደመር የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ስንት ጊዜ ተያያችሁ ብዬ ስጠይቃቸው አባቴ በጣታቸው ቆጠሩ። የአክስቴ ባል የሞቱ ጊዜ፤ እናቴ የሞተች ጊዜ፤ የአጎታቸው ልጅ የሞተ ጊዜ። አራተኛውን ጣት አነሱና አሰቡ፤ እሱም ቀብር ነበር።

እናቴ ስትሞት እኔ ኩዌት ሰው ቤት ነበርኩ። በስልክ በጠየቅሁ ቁጥር «ጠበል ሄዳለች» ይሉኝ ነበር። ለሰባት ወር ጠበል ስትጠመቅ ከረመች። ስመለስ ከአውሮፕላን ጣቢያ ዘመድ ቤት ወሰዱኝ፣ አበሉኝ፣ አስተኙኝ፤ ሲነጋጋ ቤቱ በነጭ ለባሽ ተሞልቶ አገኘሁት። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር በጣም እፈራለሁ፤ ሰውን በቁሙ ሳያዩት መቅረትን። አባቴና አክስቴ ለአምስተኛ ጊዜ የሚገናኙት አንዳቸው ሲሞቱ እንዳይሆን ፈራሁ፤ ይኼንኑም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«ምን ሆኜ መጣሁ ልበላት ታዲያ?» አሉ አባቴ።

«መንግሥት ቀን ጨመረ ይበሏቸው።»

ነገሩን ወዲህ ወዲያ አገላበጡት። «ትእዛዝ ኸሆነማ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉና ተነሥተው ዱላቸውን ይፈልጉ ጀመር። ገና ቅዳሜ ነበር።

ወንድሜ ለአክስቴ እንደውልላቸው አለ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ኩዌት የነበርኩባቸው ሰዎች ልደት በመጣ ቁጥር ሳይናገሩ ከተፍ ይሉና «ሰርፕራይዝ!» እያሉ እልል ይላሉ። ያ ነገር በጣም ደስ ይለኝ ነበር፤ አንድ ቀን ለራሴ ሰው አደርገዋለሁ እያልኩ ነው ሳህናቸውን ያጠብኩት። በራቸው ላይ ድንገት ቆሜ አክስቴ ሲስቁ ለማየት ቸኮልኩ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ሰኞ ጠዋት ደመራው ተለኮሰ፣ በዓሉም በደስታ ዋለ። ማክሰኞ ገና ወገግ ሲል በኮንትራት ሚኒባስ ተነሣን፤ አባቴ፣ ወንድሜ፣ ሚስቱና እኔ። ክረምቱ እየወጣ ስለነበር ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ነው። አባቴ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው የገብሱን ሁኔታ እየገመገሙ ሄዱ፤ ይኼ ዘግይቶ ተዘርቷል፣ ያኛው አረም በልቶታል። ጉብኝት አላውቅም ያሉት ሰውዬ መስታወቱን ከፍተው አንገታቸውን አውጥተው ነበር።

መኪናው እስከ አክስቴ ቤት አይገባም። ከመንገዱ ዳር ወርደን ዳገቱን በእግር መውጣት ነበረብን። የያዝነው ስጦታ ብዙ ነው፤ ስኳር፣ ቡና፣ ብርድ ልብስ፣ እኔም ከኩዌት ያመጣሁት ሻሽ አለ። አባቴ በቅሎ ካልጫንኩ አሉ። ባለበቅሎውም የማይቸኩል ሰው ስለነበር ጭነቱ ገና ሲታሰር አባቴ «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ እደርሳለሁ» ብለው ለቀቁን።

የጉና ብርድ ፀሐይም ወጥታ አይለቅም። እኔና የወንድሜ ሚስት ነጠላችንን ወደ ላይ ሳብነው፤ ጥለቱ አንገታችን ላይ መጣ፣ ራሳችንንም ሸፈንን። ወንድሜም ነጭ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናነበ። እንዲህ ሆነን ባዶ እጃችንን፣ ተሰልፈን፣ ዳገቱን ወጣን። ከላይ ሆኖ ለሚያየን ምን እንደምንመስል አንዳችንም አላሰብንም።

በእኛ አገር ሰው ቢሞት በዓል ላይ መርዶ አይነገርም። የበዓሉ ደስታ እንዳይበላሽ ይያዝና፣ በማግስቱ ጠዋት በማለዳ፣ ዘመድ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተሰብስቦ ይሄዳል። መንግሥት ለጉብኝት ብሎ የሰጠን ቀን እንግዲህ የመርዶ ቀን ነው። ይኼንን እኔ አውቀዋለሁ፤ በራሴ ላይ ደርሷል። ያን ዕለት ጠዋት ግን ደስታ አሳውሮኝ ነበር።

አንዲት ጎረቤት ከድንች ማሳዋ ቀና ብላ አየችን። ሰላም ስንላት አልመለሰችም፤ ዶማዋን ጥላ ወደ ላይ ሮጠች።

አክስቴ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሲያዩን ተነሡ። ዓይናቸው ከወንድሜ ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ወደ እኔ ሄደ፤ ከዚያ ከኋላችን ያለውን ባዶ መንገድ አዩ። እኔ እጄን ዘርግቼ እየሮጥኩ ነበር። እሳቸውም እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ወንድሜን! ወንድሜን አትሉኝም!»

«ኧረ ደህና ናቸው!» አልን ሦስታችንም በአንድ ድምፅ።

የባሰው ይኼን ጊዜ ነው። መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ደህና ናቸው ነው። አክስቴ ስንቱን መርዶ ሰምተዋል፤ እንዲህ ባለ ነገር አይታለሉም። ወንድሜ ተርበትብቶ «ኋላ እየመጡ ነው፣ በበቅሎ ተጭኖ...» ሲል ስለ ስኳሩ መናገሩ ነበር፤ የወንድሜ ሚስት አፉን በእጇ ከደነችው። አክስቴ መሬት ላይ ወደቁ። ግቢው ከየት መጡ በማይባሉ ሴቶች ሞላ። ማስረዳት ብንሞክር የሚሰማን የለም፤ ይልቁንም እኛን ያጽናኑን ጀመር። አንዲት ባልቴት «አይዞሽ ልጄ፣ አባት ነውና አንጀት ይቆርጣል» እያሉ ጀርባዬን መቱኝ። የሚታመን አይደለም፤ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ።

አክስቴ ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ አወረዱ። ኩርማን መሬታቸውን ባላቸው በሞቱ ጊዜ ከራሱ አስቀድሞ ያረሰላቸው ማን ነበር። ምጥ ጠንቶባቸው በቃሬዛ ሲወርዱ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ትከሻ ያልቀየረ ማን ነበር። ልጅ ሆኖ የተሰጠውን ቆሎ ግማሹን በኪሱ ይዞላቸው የሚመጣ ማን ነበር። እኔ አባቴ ቃሬዛ መሸከማቸውን ያን ቀን ነው የሰማሁት። በቤታችን አንድም ቀን አውርተውት አያውቁም።

አባቴ ታች ሆነው ጩኸቱን ሰሙ። ከእህታቸው ግቢ የሚወጣ ለቅሶ የማን ሊሆን ይችላል? የበቅሎዋን ገመድ ለቀቁና ያ ጨዋ ጉልበታቸው የት እንደገባ ሳይታወቅ እየሮጡ መጡ።

«እታለሜን! እታለሜን! ሳላይሽ! ሳላይሽ!»

ለቅሷቸው ከአጥሩ ውጭ፣ የአክስቴ ከአጥሩ ውስጥ ነበር። እንዲህ ለጥቂት ጊዜ እየተላቀሱ ቆዩ። መጀመሪያ ያቆሙት አባቴ ናቸው። ስለ ቃሬዛው ዳግመኛ እየተነገረ ነበርና በሩ ላይ ደርሰው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ሴቶቹ አንድ በአንድ ዘወር እያሉ አዩዋቸው፤ ድምፁም አንድ በአንድ ጠፋ። በመጨረሻ አክስቴ ብቻቸውን ሲያለቅሱ ቀሩና እሳቸውም ቀና አሉ።

«አለሽ እንዴ?» አሉ አባቴ።

«አንተስ አለህ?»

ተያይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ። አክስቴ የአባቴን ፊት፣ ጆሮና እጅ እየዳበሱ አገላበጧቸው፤ ጤነኛ መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ ደግሞ በጡጫ ደረታቸውን መቷቸው።

«ምን ሆነህ መጣህ ታዲያ?»

«ምንም አልሆንኩ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም። መንግሥት ቀን ጨመረ። አንቺን ላይ መጣሁ።»

«እኔን ብቻ?»

«አንቺን ብቻ።»

አክስቴ ነገሩን ማመን አቃታቸውና ለማረጋገጥ ወደኔ ዞሩ። እኔም በእንባ የራሰ ፊቴን ይዤ «ሰርፕራይዝ» አልኩ፤ ቀስ ብዬ። መጀመሪያ የሳቁት ጀርባዬን የመቱኝ ባልቴት ናቸው። ከዚያ ግቢው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ እንባዬን መልሱልኝ ትላለች፤ ሌላዋ ደረቴን ማን ሊያሽልኝ ነው ትላለች። ጎረቤት ለለቅሶው ብላ የጣደችው ንፍሮ እየፈላ ነበርና አምጥታ በእልልታ አቀረበችው። ንፍሮ እንዲያ ሲጣፍጠኝ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። የመስቀል ጠላ ተረፍ ብሎ ነበር፣ የአክስቴ ልጅ በግ ጣለ፤ በቅሎዋ የሰው ገብስ ውስጥ ገብታ ስኳራችንን ስትበትን ተያዘችና ባለማሳውም ተጠርቶ አብሮን በላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው እስክስታ ወረዱ። የወንድሜ ሚስት ስትጨፍር ያየሁት ከሰርጓ ወዲህ ያን ዕለት ነው።

ከሰዓት በኋላ አባቴና አክስቴ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰው መደቡ ላይ ተቀመጡ። እኔ ብርጭቆ እያነሣሁ ስለነበር ሰማኋቸው።

«የምለውን ሰማኸው?» አሉ አክስቴ።

«የቃሬዛዋን ሰምቻለሁ።»

«የቆሎዋንስ?»

«ስሮጥ ነበር፣ አልሰማኋትም።»

«እንግዲያ ቁጭ በል ልንገርህ። ብትሞት ኑሮ እኮ ያን ሁሉ የምናገረው ለጎረቤት ነበር።»

አክስቴ ያለ ለቅሶ፣ በተራ ድምፅ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። አልፎ አልፎ ያርሟቸዋል፤ የታረሰው አንድ ክረምት ነው እንጂ ሁለት አይደለም፣ ቃሬዛውንም አንድ ጊዜ ትከሻ ቀይሬያለሁ ይላሉ። አክስቴ እርማቱን አይቀበሉም።

«አንተስ እየሮጥክ ምን ልትል ነበር?» አሉ ኋላ ላይ።

አባቴ እንዲህ ባለ ነገር አፍ የላቸውም። ብቻ «ማን አዘለኝ፣ ነበር የምለው» አሉ። አክስቴ የጋቢውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አደረጉ፤ እኔም ብርጭቆዎቹን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሾፌሩ ከታች ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። ወንድሜና ሚስቱ ተሰናብተው ወረዱ። እኔ የአባቴን ዱላ ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ፤ አባቴ ከመደቡ አልተነሡም።

«እናንተ ሂዱ» አሉኝ። «ነገ ሥራ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። እሷ ገና አልጨረሰችልኝም።»