ሳጥኗን ፈቀቅ አድርጋት

ቡታጅራ ዋናው መንገድ ዳር ካለች ካፌ ቁጭ ብዬ ላፕቶፔን ከፍቻለሁ። በየአገሩ ያለን በጎ ፈቃደኞች በነፃ የምንሠራት ሶፍትዌር አለች፤ ስክሪኑ ላይ ሳጥኖች ስለህ በመስመር ስታገናኛቸው ኮምፒውተሩ ሥራውን በራሱ ይሠራል። ዲዛይኗን የማሻሻሉ ተራ የኔ ስለነበር ሳጥኖቹን ወዲህ ወዲያ አደርጋለሁ።

አንድ በርበሬ ነጋዴ ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኔን ያያል። ዞር ስል ጣሪያ ያያል። ከየት መጣህ እንኳ ሳይለኝ ክትፎ በጣባ አስመጣልኝ። ልብ በሉ፣ የማላውቀው ሰው፣ በጠዋት፣ ክትፎ! ሌባ ነው ወይስ ሰላይ? ላፕቶፔን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ።

"ብላ እንጂ ወንድሜ፣ ወላሂ አልተመረዘም" ሲለኝ ጥርጣሬዬ ጭራሽ ባሰ።

በመጨረሻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ አንዷን ሳጥን በጣቱ ነካ። "ይቺ የኔ ሱቅ ናት አይደል? መንገዱ ሲሰፋ መስመሩ በላይዋ እንዳያልፍ ትንሽ ፈቀቅ አድርጋት።"

የከተማው ፕላን እንዳልሆነ፣ ሶፍትዌር እንደሆነ ምዬ ተገዝቼ አስረዳሁት።

"ገባኝ፣ እዚህ አይወራም" ብሎ ጠቀሰኝና ሄደ።

በማግስቱ ስመጣ የመንገዱ ዳር ባለሱቆች በሙሉ ካፌው ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ሁሉም በእጃቸው ጣባ ይዘዋል።