በጃኩዚው ክፍል የረሳኋቸው እናት

ይህ የሆነው ሚሊኒየሙን ባከበርን በማግስቱ ዓመት፣ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ ስሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አልፏል። ዛሬም ግን የበረኪና ሽታ በአፍንጫዬ ካለፈ ያለሁበትን ጥዬ እወጣለሁ። ባለቤቴ በረኪና ቤታችን እንዳይገባ የከለከልኩት ለልብስ አስቤ ይመስለዋል። ለእሱም ቢሆን ሙሉውን ነግሬው አላውቅም።

ያኔ የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከወላጆቼ ጋር ነበር። በየማለዳው በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ እገባለሁ፤ ማታ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ለክፍል ጽዳት ነው። በኋላ የሆቴሉ ባለቤት ጃኩዚ የሚባለውን የትኩስ ውሃ ገንዳ አስመጥቶ አስተከለ። ሊተክል ከአዲስ አበባ የመጣው ቴክኒሻን መለኪያ የማይሳሳት ሰው ስጡኝ ሲል ሥራ አስኪያጁ እኔን ጠራኝ።

ሁለት ቀን አስተማረኝ። የጃኩዚ ውሃ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ጠባዩ ግን ክፉ ነው። ትንሽ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ብዙ ሰው ይገባበታል። ሙቀቱ ውሃውን የሚያጠራውን፣ እንደ በረኪና የሚሸተውን ክሎሪን ቶሎ ይጨርሰዋል። ክሎሪኑ ሲያንስ ውሃው ይበላሻል፤ ሲበዛ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። በዚያ ላይ ፒኤች የሚሉት፣ ውሃው አሲድ ሲያንሰው ከፍ የሚል ልክ አለ። እሱ ከፍ ካለ ውሃው ይደፈርሳል፣ የጨመርሽው ክሎሪንም በቅጡ አይሠራም። ያን ጊዜ ጥቂት አሲድ በውሃ አቅጥኖ በመጨመር ማውረድ ነው። ጠዋትና ከሰዓት ቀጭን ወረቀት ነክሬ ቀለሙን አያለሁ፣ በደብተር እጽፋለሁ። ቴክኒሻኑ ሲሰናበተኝ እንኳ የደገመልኝ ክሎሪንና አሲድ በአንድ ዕቃ እንዳይገናኙ ነበር። ይገድላል አለኝ።

ለወራት አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። እንዲያውም ኩራት ቢጤ ጀማምሮኝ ነበር።

ያን ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ውሃው ደፍርሶ አገኘሁት። ማታ ሰርገኞች ገብተውበት ነበር። ሁለት ነጭ ባልዲ አዘጋጀሁ። በአንዱ ክሎሪኑን በርከት አድርጌ በጠበጥኩ። በሌላው ለአሲዱ ማቅጠኛ ንጹሕ ውሃ ቀዳሁ። መጀመሪያ አንዱን ጨምሬ፣ ቆይቼ ሌላውን ልጨምር ነው ሐሳቤ። በዚህ መሃል መብራት ጠፋ፤ የአየር ማውጫው ማራገቢያም ቆመ።

ወዲያው ሰኢድ የሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ እናቱን ይዞ መጣ። እማማ ዘሃራ ይባላሉ። ከቢስቲማ ከተማ ነው ያመጣቸው። ጉልበታቸውን ክፉኛ ያማቸዋል፤ የሆቴሉ ትኩስ ውሃ እንደ ፍልውሃ ነው ብሎ ሰው ነግሮት ነበር። ውሃው እስኪስተካከል ትንሽ ይጠብቃሉ አልኩት። እሱ አደራ ብሎኝ ጉዳዩን ሊፈጽም ወጣ።

የልብስ መቀየሪያዋ ክፍል መግቢያ በጃኩዚው ክፍል በኩል ነው፤ ሌላ በር የላትም። እማማ ዘሃራን ደግፌ አስገባኋቸው። ልብሳቸውን አወላልቄ በፎጣ ጠቀለልኳቸውና አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። መጣሁ ብዬ በሩን ዘጋሁባቸው።

ወደ ባልዲዎቹ ስመለስ ክፍሉ ድንግዝግዝ ያለ ነበር። አሲዱን አንስቼ ንጹሕ ውሃ ነው ባልኩት ባልዲ ላይ ቀዳሁ። የክሎሪኑ ነበር።

ጢስ አወጣ። ቢጫ አረንጓዴ ጢስ ነው። በርበሬ ፊቴ ላይ የተበተነ መሰለኝ፤ ትንፋሼ መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ እግሬ ነው ያሰበው። ሮጥኩ። ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሥር ተንበርክኬ ሳስል፣ ጥበቃው ጋሽ ይማም ደርሰው ፊቴን በውሃ ያጥቡኝ ጀመር። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው።

“ውስጥ ሰው አለ?” አሉኝ።

“የለም” አልኳቸው።

እንዲህ ነው ያልኩት። ልዋሽ ፈልጌ አይደለም። እማማ ዘሃራ ከነመኖራቸው ከጭንቅላቴ ጠፍተው ነበር።

ጋሽ ይማም ፊቴን ማጠባቸውን አቆሙ። “የሰኢድ እናትስ? አሁን ይዘሻት ስትገቢ አይቻለሁ።”

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ፍርሃት ከዚያም በፊት ከዚያም ወዲህ አላውቀውም። ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ጢሱ ደጃፉን ሞልቶ ስለነበር መለሰኝ። ደግሞም ብገባና ያንን የውስጥ በር ብከፍተው መርዙን ይዤባቸው መግባቴ ነው። ጋሽ ይማም ክንዴን ያዙኝ።

“አብሽሪ፣ አይዞሽ። ልብስ መቀየሪያዋ በጀርባ በኩል መስኮት አላት።”

እየሮጥን ዞርን። መስኮቷ ከሰው ቁመት በላይ ናት። ጋሽ ይማም በዱላቸው መስታወቱን ሰበሩና ግድግዳውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። ጀርባዬ ላይ ቁሚ አሉኝ። የአባቴ ታላቅ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ጫማዬን አውልቄ ቆምኩባቸው።

ወደ ውስጥ ሳይ ጢሱ በበሩ ሥር እንደ ዱቄት እየገባ ነው። እማማ ዘሃራ ተነስተው፣ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው፣ ሌላውን ወደ በሩ እጀታ ዘርግተዋል።

“እማማ፣ በሩን አይክፈቱት” አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝና ፎጣቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። ከኔ ጋር ወንድ እንዳለ ጠየቁኝ። ከሥሬ ጋሽ ይማም፣ ፊታቸው ወደ መሬት እንደሆነ፣ “እኔ አላይም በያት” አሉ።

ክፍሏ ውስጥ ካለው እጅ መታጠቢያ ሁለት ፎጣ እንዲያርሱ፣ በአንዱ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው እንዳያነሱት፣ ሌላውን በበሩ ሥር እንዲወትፉ ነገርኳቸው። አራሱት። አፋቸውን ሸፈኑ። ለመወተፍ ግን ጎንበስ ማለት ነበረባቸው፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸው። ተንሸራተው በሩ ሥር ወደቁ። መሳል ጀመሩ፤ ረዥም፣ ደረት የሚቀድ ሳል። ከዚያ ሳሉ ቆመ።

ጠራኋቸው። መልስ የለም። ደግሜ ጠራኋቸው። ጌታ ሆይ፣ ገደልኳቸው አልኩ በልቤ።

በመስኮቱ እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም። የተሰበረው መስታወት ክንዴን ቀዶት እንደነበረም ያወቅሁት በኋላ ነው። ውስጥ እንደወደቅሁ ሌላውን ፎጣ በሩ ሥር ወተፍኩና ዞርኩ። እማማ ዘሃራ ዓይናቸው ተገልጧል። ፎጣውን ከአፋቸው እንዳያነሱ ስለነገርኳቸው ነበር መልስ ያልሰጡኝ። የቀኝ እጃቸው ጣቶች አንድ በአንድ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ዚክር እያደረጉ፣ አላህን እያወሱ ነው።

ያ ጋዝ ከመሬት ከመሬት ነው የሚሄደው። ብብታቸው ሥር ገብቼ አነሳኋቸውና መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ አቆምኳቸው። ከወገባቸው አቅፌ ይዣቸው ፊታቸውን ወደ ንፋሱ አዞርኩላቸው። እሳቸው በአላህ፣ እኔ በኢየሱስ ስም፣ ሁለታችንም በየራሳችን እየለመንን ቆየን። ደቂቃም ይሁን ሰዓት አላውቅም። በመጨረሻ ጋሽ ይማም የውጭ በሮቹን ሁሉ ከፍተው፣ ሽታው ሲቀል፣ ጉዳዩን ጨርሶ ከተመለሰው ከሰኢድ ጋር ገብተው አወጡን።

እማማ ዘሃራ ሐኪም ቤት ኦክስጅን ተሰጥቷቸው አንድ ሌሊት አደሩ። በማግስቱ ደህና ነዎት ተባሉ። የኔ ክንድ ተሰፋ። ባልዲ የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን ለሥራ አስኪያጁም ለሰኢድም ተናገርኩ። ማንም አልተቆጣኝም። የሚወራው ሁሉ በመስኮት ስለመግባቴ ነበር።

ልጠይቃቸው ስሄድ እማማ ዘሃራ እጄን ይዘው ሳሙኝ። “ነፍስሽን ሰጥተሽ ነው ያወጣሽኝ። ከወለድኳቸው አስበልጥሻለሁ” አሉኝ። ጋሽ ይማም እዚያው አጠገቤ ቆመው ነበር። አየኋቸው። መሬት መሬቱን ያያሉ።

ስንወጣ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኋቸው። “የለም ያልሽው አንች ነሽ። መናገሩም ያንች ነው” አሉኝና ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ሆቴሉን ብዙም ሳልቆይ ለቀቅሁ። ሕመሜ ግን መርዙ አይደለም። ሰው ሲደነግጥ ይሮጣል፤ ይህን እግዚአብሔርም ያውቀዋል። የሚያስፈራኝ ያቺ “የለም” ናት። እንዴት ቀልላ ከአፌ እንደወጣች አሁንም ይሰማኛል። ጋሽ ይማም በር ላይ ባይኖሩ ኖሮ፣ እኔ ቧንቧው ሥር ፊቴን እየታጠብኩ እማማ ዘሃራ ያንን በር ይከፍቱት ነበር።

እሳቸው በየአረፋው በልጃቸው ስልክ ይደውሉልኛል። ልጄ፣ ነፍሴ ይሉኛል፤ ይመርቁኛል። እኔም አሜን እላለሁ። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ጀምሬ ስለ ጉልበታቸው ጠየቅኋቸው።

እማማ ዘሃራ ማንበብ አይችሉም። ሰኢድ ግን ጋዜጣ ከእጁ አይጠፋም። ይህን በጋዜጣው ካየህ፣ ወንድሜ፣ አንድም ቃል ሳታስቀር ለእናትህ አንብብላቸው። ከዚያ ወይ ይደውላሉ፣ ወይ አይደውሉም። እየፈራሁ እጠብቃለሁ።