መናኸሪያው ላይ የሚያሻግረው ማነው?

ጠመኔ ከያዝኩ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ክብ እሠራለሁ፣ ከክቡ ቀስት አወጣለሁ፣ ከቀስቱ ሥር ቁጥር እደረድራለሁ። ተማሪው ገባኝ ካለኝ በኋላ እንኳ አንድ ምሳሌ ሳልጨምር አልለቀውም። ይህን ጠባዬን እንደ ስጦታ ነበር የማየው። አሁን የምጽፈው በዚሁ ጠባዬ ጀምሬ በዝምታ የጨረስኩትን በደል ነው።

የማስተምረው ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ነው፤ ትምህርቱም ኔትወርክ። ኮሌጁ አንኮበርና ለሚ ላይ አንዳንድ የማሠልጠኛ ማዕከል አለው። አንድ ክረምት የሦስቱም ቦታዎች ፋይልና ፈተና ወደ ክላውድ ይግባ ተባለና ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። ክላውድ ማለት ሩቅ አገር የተቀመጠ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው፤ እኛ በኢንተርኔት እየገባን እንጠቀምበታለን። እዚያ ላይ ለየከተማው አንዳንድ ኔትወርክ ሠራሁ። ሦስት ግቢ እንደማጠር ነው። አንዱ ግቢ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር የሌላውን ግቢ አያይም። እንዲተያዩ ከተፈለገ በሁለቱ መካከል በር ይከፈታል፤ በሙያው ፒሪንግ ይባላል። በሩን ሁለቱም ወገኖች መክፈት አለባቸው። አንዱ ከፍቶ ሌላው ካልከፈተ ማንም አያልፍም።

የደብረ ብርሃንን ግቢ ከአንኮበር ጋር አገናኘሁ፤ ከለሚም ጋር አገናኘሁ። አንኮበርንና ለሚን እርስ በርስ ግን አላገናኘኋቸውም። በእኛ በኩል ያልፋሉ ብዬ ነበር።

የሁለቱን ማዕከላት ሠራተኞች ለሁለት ቀን ሥልጠና ስንጠራ ይህንኑ አስረዳኋቸው። ምሳሌዬን ከቤቴ ሳልወጣ ነበር ያዘጋጀሁት።

«ከለሚ ተነስቶ አንኮበር የሚሄድ ሰው ምን ያደርጋል?» አልኳቸው።

«ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ወርዶ መኪና ይቀይራላ!» አሉ።

«በቃ! ኔትወርኩም እንደዚያው ነው። ከለሚ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን አንኮበር።» ሰሌዳው ላይ ሦስት ክብ ሠርቼ መሐለኛውን ሁለቴ አከበብኩት።

ከኋላ እጃቸውን ያወጡት የአንኮበሩ ማዕከል የላብራቶሪ ሠራተኛ ነበሩ። በዕድሜ እናቴን ይሆናሉ፤ እትዬ ነበር የምላቸው፣ እዚህም እትዬ ልበላቸው። ስድስት ዓመት በኮንትራት ሠርተዋል። በዚያ ዓመት ለማዕከሉ አንድ የቋሚ ሠራተኛ መደብ ተፈቅዶ ስለነበር ሊወዳደሩበት እየተዘጋጁ ነበር። ሥልጠናው ላይ ከሁሉም ይልቅ የሞላው ደብተር የእሳቸው ነበር።

«መምህር፣ ሰውስ ይሁን፤ በእግሩ ወርዶ ይሳፈራል» አሉ። «እህቴ ከለሚ ጤፍ ስትልክልኝ ግን ጤፉ ብቻውን መኪና አይቀይርም። መናኸሪያ ሱቅ ያላት ዘመዴ ከአንዱ ሾፌር ተቀብላ ለሌላው ትሰጥልኛለች። እሷ የሌለች ቀን እቃው እዚያው ያድራል። እዚህ ኔትወርክ ላይ መናኸሪያው ላይ የሚያሻግረው ማነው?»

ከዚያ የተሻለ ጥያቄ እስከዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ግን መልሱን አላውቀውም ነበር፤ አለማወቄንም አላወቅኩትም።

«እትዬ፣ ኮምፒውተር እኮ ነው! ተሸካሚ አይፈልግም» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከለሚ የመጣው ሠራተኛ ደግሞ «ለዘመድዎ እዚህም ሥራ ሊፈልጉላት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቁን አራዘመው። እትዬም ትንሽ ፈገግ አሉና ደብተራቸውን ከደኑ። የደብተሩን መከደን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ የተረዳሁት ግን በኋላ ነው።

ሥራዬን ፈትሼ ነበር። የፈተሽኩት ግን ከራሴ ወንበር ነው። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ አንኮበርን ስጠራ ይመልስልኛል፤ ለሚን ስጠራ ይመልስልኛል። መሐል የተቀመጠ ሰው ሁለቱም ስለሚታዩት እርስ በርስም የሚተያዩ ይመስለዋል። አንኮበር ሄጄ፣ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ለሚን መጥራት ነበረብኝ። ብርድና ጭጋግ መሆኑን ሳስብ ተውኩት።

የሠልጣኞቹ የምዘና ፈተና ቀን ደረሰ። ፈተናው ያለው ክላውዱ ላይ በለሚ ግቢ ውስጥ በተቀመጠ ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ ያዘጋጁት የለሚ መምህራን ስለነበሩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ ደወሉ።

«መምህር፣ ልጆቹ ተቀምጠዋል። የእናንተ ይከፈታል፣ የለሚ ግን ይሽከረከራል እንጂ አይገባም።»

«የኔትወርኩን ቅንብር ነክተውታል?»

«ኧረ እጄንም አላሳረፍኩበት!»

«ያጥፉና ያብሩት።»

አጠፉ፣ አበሩ። ደግመው አጠፉ። እስከ አምስት ሰዓት ያንኑ ስናደርግ ቆየን። በመጨረሻ ተፈታኞቹ ተበተኑ። ከአንኮበር ገደል ሥር ካሉት ቀበሌዎች ሌሊት ተነስተው ዳገቱን የወጡ ነበሩባቸው።

ምሳዬን ትቼ የክላውዱን መመሪያ ከፈትኩ። ሥራውን ስጀምር ማንበብ የነበረብኝ ገጽ ላይ ነገሩ በግልጽ ተጽፏል፦ ይህ ግንኙነት አይተላለፍም። አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ቢገናኙም አንደኛው ሦስተኛውን አያገኝም። መሐል ላይ ተቀብሎ የሚያሻግር ነገር ለብቻው ካልተተከለ በቀር መልእክቱ እዚያው ይቀራል። የእትዬ ዘመድ ማለት ነው። በእኔ መናኸሪያ ያቺን ሴት ማንም አላስቀመጣትም ነበር።

አጭሩ መፍትሔ አንኮበርና ለሚን በቀጥታ ማገናኘት ነበር። የለሚን በር እኔው ከፈትኩ። የአንኮበሩ የሚከፈተው ግን በእትዬ የይለፍ ቃል ስለነበር ደወልኩላቸው። አንድ በአንድ እየነገርኳቸው ሠሩት። ወዲያው ተገናኘ፤ ፈተናው አንኮበር ላይ ተከፈተ።

«መምህር» አሉኝ፣ «ይሄ አሁን የሠራነው ከዚህ በፊት ነበረ?»

«አልነበረም። እ... ለጥንቃቄ ያህል ነው።»

«እሺ» ብለው ዘጉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኮሌጁ ዲን አስጠሩኝ። ችግሩ ምን እንደነበር ጠየቁኝ።

«አንኮበር በኩል የጎደለ ቅንብር ነበር፤ ተስተካክሏል» አልኩ።

ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሐሰት የሆነ ቃል የለም። ስናገረውም ይህንኑ ለራሴ ነግሬዋለሁ። አንኮበር በኩል በር ጎድሎ ነበር፤ ያጎደለው ማን እንደሆነ ነው ያላልኩት። በየቀኑ አንዱን ነገር በሦስት ምሳሌ የማስረዳ ሰው ያን ዕለት አንድ ምሳሌ አልጨመርኩም።

«ድሮም ሴትዮዋ ይሄን ነገር ይችሉታል?» አሉ ዲኑ፣ ራሳቸውን የሚጠይቁ ያህል።

እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስቴፕለር አየሁ።

«ለማንኛውም ጎበዝ፣ በግማሽ ቀን ፈታኸው» ብለው አሰናበቱኝ።

በሳምንቱ እትዬ ምዘናውን አስተጓጉለዋል የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ግልባጩ ማኅደራቸው ውስጥ ገባ። በዓመቱ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሠራተኛ ለቋሚ መደብ መወዳደር አይችልም። ደንቡን አውቀዋለሁ። ነገ እናገራለሁ፣ ሰኞ እናገራለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። ክፍል ገብቼ ሦስት ክብ መሥራት አስጠላኝና በሥዕል የማስረዳውን በቃል ማስተማር ጀመርኩ። ተማሪዎቼ «መምህር፣ ጠመኔ አለቀ?» ብለው ቀለዱብኝ።

በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ አንኮበር ሄድኩ። ጭጋጉ መንገዱን ስለዋጠው ሾፌሩ በቀን መብራት አብርቶ ይነዳ ነበር። እትዬን ላብራቶሪው ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው የኮምፒውተሮቹን ሽፋን ሲያራግፉ አገኘኋቸው። ወንበር ሰጡኝ። ሳልቀመጥ ጀመርኩ። ስለ መመሪያው፣ ስለ መሐለኛው ክብ፣ ከወንበሬ ሆኜ ስለመፈተሼ፣ ለዲኑ ስላልኩት ዓረፍተ ነገር ነገርኳቸው። በደንብ አስረዳሁ፤ እንደ ልማዴ።

እትዬ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ይሄን ልትነግረኝ ነው በዚህ ብርድ የመጣኸው?»

«አዎ እትዬ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ አውቀዋለሁ። ያን ቀን በሩን በስልክ ስታስከፍተኝ ነው ያወቅኩት። ለእኔ የነገርከው ዲኑ ጋ ይደርሳል? ማን ያደርስልኛል? እኔ ሄጄ ልጁ ነው ያጠፋው ብል ማን ያምነኛል?»

ከጥፋቱ ጀምሮ ስሠራ የኖርኩት ያንኑ ስህተት ነበር፤ አንድ ቦታ የተናገርኩት በራሱ ጊዜ ሌላ ቦታ የሚደርስ መስሎኝ።

«ልክ ነዎት» አልኩ።

«ሂድ በል፣ የስምንት ሰዓቱ መኪና ካመለጠህ ሌላ የለም» አሉኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እስከ በሩ ግን ሸኙኝ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ገጽ ጽፌ ዲኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ቆሜ እያለሁ አነበቡት።

«ያን ቀን አፍ አልነበረህም?»

«ነበረኝ።»

«እና?»

«ፈራሁ።»

ማስጠንቀቂያው ከእትዬ ማኅደር ወጣ፤ በእኔው ማኅደር ሌላ ገባ። መደቡ ግን ከአሥር ቀን በፊት ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። እትዬ አሁንም በኮንትራት ይሠራሉ። ያንን የሚመልስ ሁለት ገጽ የለም።

በቀጣዩ ሥልጠና ያው ክፍል ውስጥ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት ቆምኩ። የለሚው ሠራተኛም ነበር። እትዬ ከኋላ ተቀምጠዋል። ሦስት ክብ ሠራሁና፣ «ባለፈው እትዬ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ ነበር። ጥያቄውን ይድገሙልን?» አልኳቸው። ክብር የሰጠኋቸው መስሎኝ ነበር።

«አንተው ንገራቸው» አሉ።

ነገርኳቸው። ጥያቄያቸው ምን እንደነበር፣ እንዴት እንደቀለድኩበት፣ ትክክሉ የእሳቸው እንደነበር፣ ከዚያ ለዲኑ ምን እንዳልኩና እትዬን ምን እንዳሳጣኋቸው፣ አንድ በአንድ። በዚህኛው ጊዜ የሳቀ ሰው የለም፤ የለሚው ሠራተኛ አቀርቅሮ ጣቱን ይቆጥር ነበር። ከዚያ መሐለኛውን ክብ አጠፋሁትና ከአንኮበር ወደ ለሚ አንድ መስመር አሰመርኩ።

እትዬ ደብተራቸውን ገልጠው መስመሩን መገልበጥ ጀመሩ። ቀና ብለው አላዩኝም። እስኪጨርሱ ድረስ ጠመኔውን ይዤ ዝም ብዬ ጠበቅኳቸው።