የትምህርት ቤቱን በር ማን ሰበረው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጠዋት የቤቴን ወለል በእበት እየለቀለቅኩ ነበር። አዲሱ ዳይሬክተር፣ ጋሽ ክንፈ፣ አጥሩ ጋ ቆመው ተጣሩ።

"ጽዳት ሠራተኛ ተብላ የተቀጠረችው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"በይ ነይ፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ቆመዋል።"

እጄን ተለቃልቄ ተከተልኳቸው።

ሰፈራችን ቡልቡላ ያኔ እርሻ ነው። ትምህርት ቤት የተባለውም የባለርስቱ ቤት ነው። የመሬት አዋጁ ሲወጣ ሰውየው ዕቃቸውን በአህያ ጭነው፣ ጎረቤቱን ሁሉ ተሰናብተው፣ ቁልፉን ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በእጃቸው ሰጥተው ሄዱ። አንድ ድንጋይ የወረወረ ሰው አልነበረም። ሊቀመንበሩ ደሞ እኔ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቁልፉን በኪሱ እንደያዘ ከተማ ስብሰባ ገብቷል።

ሰማዩ ጠቁሯል። የመስከረም ዝናብ ታውቂው የለ፣ ሲመጣ አይነግርም። ልጆቹ ደብተራቸውን ጉያቸው ውስጥ ወሽቀው ያዩናል።

"ምን ይሻላል?" አሉ ጋሽ ክንፈ።

ጎረቤቴ ጫልቱ ቤቷ ከዚያው አጥር ጋር የተያያዘ ነው። መጥረቢያሽን አልኳት፣ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ።

"ቶሎ መልሺልኝ፣ እንጨት እየፈለጥኩ ነው" አለች።

መጀመሪያ ስሰነዝር ጓጉንቸሩን ሳትኩትና ሳንቃውን መታሁት፤ ይሄን የሚያህል ጠባሳ ወጣበት። ሁለተኛው ጓጉንቸሩን ፈነቀለው። ልጆቹ ገቡ፣ ዝናቡም ወረደ። መጥረቢያውን ዕቃ ቤት አስቀመጥኩት። የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ነው። ጠዋት በሁሉም ቀድሜ እገባለሁ፣ ክፍሎቹን እጠርጋለሁ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት እደውላለሁ። ሰሌዳው ሲነጣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ወቅጬ በቅጠል እያሸሁ አጠቁረዋለሁ። ክረምት ላይ ጭቃው በባሬላ ነው የሚወጣው። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን ሲነሳ ድምፁ እስኪያልፍ ትምህርት ይቆማል፤ እኔም መጥረጊያዬን ተደግፌ አርፋለሁ። ማዕረጌ ጽዳት ቢሆንም ደወሉ በእጄ ስለሆነ መምህራኑ ይፈሩኝ ነበር። ጫወታ ሲያምራቸው "ትንሽ ቀደም አድርጊልን" ይሉኛል።

መሠረተ ትምህርትም ገብቼ ነበር። የቀረልኝ ስሜን መፈረም ብቻ ነው።

አንድ ቀን እንግዳ ይመጣል ተባለና ወለሉን ወለወልኩ። ከላይ የመጣው ካድሬ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ጠባሳውን በጣቱ ዳሰሰው።

"ጓዲት፣ ይሄ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"ንገረኝ እስቲ" አልኩት።

ነገረኝ። ሰፊው ሕዝብ በቁጣ ተነስቶ፣ መጥረቢያውን ይዞ፣ የባለርስቱን በር ሰብሮ ለልጆቹ ትምህርት ቤት እንዳደረገው። እንዴት አድርጎ እንዳወራው! እኔ ራሴ ልቤ ተነካ። ጋሽ ክንፈን አየሁ፤ ጣሪያውን ያያሉ።

ከዚያ ወዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጠባሳውን በዘይት እንድወለውለው ታዘዝኩ። በዓል ሲሆን ልጆቹ ትርኢት ይሠሩበታል። መጀመሪያ ዓመት በሩን የሚሰብሩት አምስት ገበሬዎች ነበሩ፣ በኋላ ክፍሉ በሙሉ ሆነ። የሰፈሩ ወንዶችም እየቆዩ "እኔም ነበርኩ" ማለት ጀመሩ። እኔ እስቃለሁ እንጂ ምን ቸገረኝ።

የቸገረኝ ልጄ አልማዝ አምስተኛ ክፍል ስትገባ ነው። ያንቺ እናት፣ አዎ፣ ጻፊው። ፈተና ላይ "የትምህርት ቤታችንን በር ማን ሰበረው?" የሚል ጥያቄ ወጣ። እሷ ከኔ የሰማችውን "እናቴ፣ በመጥረቢያ" ብላ ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደረገባት። ልጆቹ "የሰፊው ሕዝብ ልጅ" እያሉ እስከ ቤት ድረስ ሸኟት።

ማታ ራቷን አልበላም አለች። "ውሸታሟ አንቺ ነሽ ወይስ ጋሽ ክንፈ?" አለችኝ።

ሳትታዘዘኝ ቀርታ ታውቃለች፣ አኩርፋኝም ታውቃለች። እንደዚያ አድርጋ ግን አይታኝ አታውቅም። ነግቶ ደወሉን ደውዬ እንዳበቃሁ ቢሮ ገባሁ። የኅብረተሰብ ትምህርት የሚያስተምሩትም ፈተናውን ያረሙትም ራሳቸው ጋሽ ክንፈ ናቸው።

"ጋሽ ክንፈ፣ በሩን የሰበርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?"

ተነስተው በሩን ዘጉ። "ነሽ። አጠገብሽ ቆሜ የለ።"

"ታዲያ ለልጄ ኤክስ ለምን?"

"ቁጭ በይ። አንቺ በሩን በሰበርሽ ሳምንት ንብረት የሚመዘግብ ሰው መጣ። በሩን ማን ሰበረው አለኝ። ስምሽን ብሰጠው የሕዝብ ንብረት አበላሸች፣ አሻጥር ነው ይሉሻል። በዚያ ሰሞን አሻጥር የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ። እኔም ሰፊው ሕዝብ በትግሉ ሰበረው ብዬ ጻፍኩ። ሰፊውን ሕዝብ ማን ይከሰዋል?"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ወረቀቱ ወደ ላይ ወጣ። ወደዱት። ትምህርት ሆኖ ወረደልኝ፣ አስተምር ተባልኩ። አሁን ላርመው ብል እኔ ዋሽቼ የጻፍኩ፣ አንቺ የሰበርሽ ሆነን አብረን ነው የምንሄደው።"

ለካ ያ ሁሉ ትርኢት እኔን ለመሸፈን የተጀመረ ነው። ግን የልጄ ፊት ድቅን አለብኝ።

"እኔ አመሰግናለሁ፣ ጋሽ ክንፈ። ልጄ ግን እናቴ ውሸታም ናት እያለች አታድግም" አልኳቸው።

"ቅዳሜ ግቢው ባዶ ሲሆን ይዘሻት ነይ" አሉ።

ቅዳሜ መጥረቢያውን ከዕቃ ቤት አወጣሁት። የጫልቱ መጥረቢያ ስለቱ መሀል ላይ ሸራፋ ነው። ጠባሳው ውስጥ አስገባሁት፤ ሸራፋው ያለበት ቦታ ሳንቃው ሳይቆረጥ ቀርቶ ትንሽ ጉብ ብሏል። ልክክ አለ። አልማዝ ጎንበስ ብላ አየች፣ በጣቷ ነካችው፣ ቀና ብላ ጋሽ ክንፈን አየቻቸው።

"እናትሽ ናት" አሏት። "ያንቺ መልስ ልክ ነው። ማርኩን ግን መመለስ አልችልም። ለምን እንደሆነ ስታድጊ እናትሽ ትነግርሻለች። እስከዚያ ሦስታችን እንወቀው።"

"እሺ ጋሼ" አለች። ምሳዋን ድርብ አድርጋ በላች። ጥያቄውም ከዚያ ወዲህ በፈተና አልወጣም። ትርኢቱ ግን ቀጠለ፤ እሱን ማን ያቆመዋል።

እኔ ሳልማር ትምህርት ቤት ውስጥ ጡረታ እስክወጣ ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ። ልጆች የሆነው ቀርቶ ያልሆነው የሚነገራቸው ሁሌ ክፉ ሰው ቁጭ ብሎ ስለሚፈጥረው አይደለም። አንዱ ሰው አንድ ቀን የሆነ ነገር ለመሸፈን ይጽፈዋል። ከላይ ያለው ይወደዋል። ከዚያ በኋላ የሚያርመው ሰው ራሱ ተጠያቂ ስለሚሆን ሁሉም እያወቀ ያስተምረዋል።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነገሩን ለጫልቱ ከአፍ እስከ ገደፉ አጫወትኳት። ሳትስቅ አዳመጠችኝ። ስጨርስ ነጠላዋን አስተካከለችና፦

"ታዲያ ይሄ ሰፊው ሕዝብ መጥረቢያዬን መቼ ነው የሚመልስልኝ?" አለች።