የሩቅ ይቅደም

በአርብ ገበያ ዙሪያ ትርፌን የማያውቃት አልነበረም። የሚያውቋት ግን በሙያዋ ሳይሆን «ባሏን የበላች» በሚለው ስም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ገና ሙሽራ ሳለች ነው። የወፍ በሽታ ያዛት። ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቷ ጠቆረ፣ የወጥ ሽታ እንኳ ያስመልሳት ጀመር። አለቀላት ሲባል ከቤተ ልሔም ጠበል አምጥተው ረጯት፤ ሰንብታ ተነሣችና ሽንብራ ለቀማ ወጣች። ባሏ ዳኘው ግን አንድም ቀን ራሴን ሳይል ኖሮ፣ በጎልማሳነቱ ከቀኝ ጎኑ ሥር ድንጋይ የመሰለ ነገር በቀለበት። ሆዱ እንደ ስልቻ ተነፋ፤ እጅ እግሩ እንደ ሰንበሌጥ ቀጠነ። በክረምት የዘራውን ገብስ ሌላ ሰው አጨደው። ከእሱ በፊት ታላቅ ወንድሙ ደሞዝም በዚሁ መንገድ ሄዷል።

ሰው ምን አለ? «የእነዚህ ዘር ጉበቱ የተረገመ ነው» አለ። ስለ ትርፌ ደግሞ፣ «በሽታዋን ባሏን አሸክማ እሷ ዳነች» አለ። በማኅበር ጠላ የሚቀዳላት በተለየ ሽክና ነበር። ልጇን ውባለምን ከአካባቢው የሚያጭ ስለጠፋ፣ ወሬው ወዳልደረሰበት ወደ እስቴ ዳረቻት። ትርፌ ይህን ሁሉ ችላ ኖረች። ምን ታድርግ? ሰው ያወጣውን ስም ማን ያወልቀዋል?

ከወንድማማቾቹ የቀረው ማሩ ነበር። ማሩ እንጥል ቆራጭ ነው። ሙያውንም ስለቱንም የወረሰው ከአባቱ ነው፤ ጫፉ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ብረት። አርብ አርብ ለገበያ የወጡ እናቶች ጨቅላ ልጆቻቸውን ይዘው በግቢው ይሰለፋሉ። ማሩ አንዱን ይቆርጥና ስለቱን በጋቢው ጫፍ ጠረግ አድርጎ፣ ቅቤ ቀባ አድርጎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሥርዓቱም ከአባቱ የመጣ ነው፤ የሩቅ ይቀድማል፣ ጎረቤት ይከተላል፣ የራስ ልጅ መጨረሻ ነው። አባቱ የራሱን ልጅ ከሰው ልጅ ማስቀደም ነውር ነው ይል ነበር። ለዚህ ጨዋነቱ አገር ያመሰግነው ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጧጧፈበት ዓመት አንድ ዶክተር ከአዲስ አበባ መጣ። ጤና ረዳቱ ደምሌ የበረዶ ሣጥን ተሸክሞ ይከተለዋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ይርጋ ትርፌን፣ አሮጊቷን አማቷንና ማሩን አሰልፎ ደም አስቀዳቸው። ውባለምም እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ስለነበር እጇን ሰጠች። ትርፌ፣ «ደማችንን ምን ሊያደርጉት ነው?» ብላ ብትጠይቅ ይርጋ፣ «ሳይንስ ነው እሜቴ፣ ለአንቺ ቢነግሩሽ ይገባሻል?» ብሎ ሳቀ። የቆመው ሁሉ አብሮት ሳቀ። መኪናዋ አቧራዋን አንሥታ ሄደች፤ መልስ ይዞ የተመለሰ አልነበረም።

ዓመቱ ዞረ። ውባለም አረገዘችና የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል በሚለው ልማድ ከእስቴ መጥታ ወንድ ልጅ ወለደች። ትርፌም ራሷ ውባለምን የወለደቻት በዚሁ ልማድ ሲማዳ፣ በእናቷ ቤት ነበር፤ የልጅቱም እንጥል የተቆረጠው እዚያው ነው። ሕፃኑ ክርስትና ተነሣ። ከዚያ በኋላ ማሩ፣ «የወንድሜን የልጅ ልጅ እኔ ነኝ የምቆርጠው፤ አርብ አምጪልኝ» ብሎ ላከ።

አርብ ውባለም ልጇን ይዛ ወደ ማሩ ግቢ ስትሄድ፣ ትርፌ ለወላዷ ተልባ ልትገዛ ገበያ ወጣች። ደምሌን ከእህል ተራው ዳር አገኘችው።

«እንኳን ማርያም ማረችልዎ እትዬ ትርፌ! አያት ሆኑ አሉ።»

«አሜን፣ አንተም ወልደህ ሳም። ዛሬ እንጥሉን ሊያስቆርጡት ሄደዋል።»

የደምሌ ፊት ተለወጠ። «ማን ጋ? ማሩ ጋ?»

«ታዲያ ንጉሥ ጋ ሊሄዱ ኖሯል?»

«አልነገሯችሁም እንዴ?»

«ምኑን?»

ደምሌ ዙሪያውን ቃኘና ወደ አጥር ጠጋ አደረጋት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። በደም ውስጥ የሚኖር፣ ዓይን የማያየው ተባይ አለ፤ ቤቱ ጉበት ነው። ትልቅ ሰው ሲይዘው ደሙ ባዕድ መግባቱን አውቆ ይነሣበታል። ዓይን ቢጫ የሚሆነውም ከዚያ ጠብ የተነሣ ነው። አብዛኛው ሰው አሸንፎ ያባርረዋል።

«እርስዎ አሸንፈውታል» አላት። «ዶክተሩ በደምዎ ውስጥ ምልክቱን አይቶታል። ያ ተባይ ዳግመኛ አይደፍርዎትም።»

«ዳኘውስ?»

«እሳቸውን የያዘው ገና ጨቅላ ሳሉ ነው፤ ለእርስዎም የደረሰው ከእሳቸው ነው። ጨቅላን ሲይዝ ሌላ ነው። የጨቅላ ደም ወዳጅና ጠላት ገና አልለየም፤ እንደ ቤተ ዘመድ ያስገባዋል። ጠብ ስለሌለ ልጁ አይታመምም። ተባዩ ግን ጉበቱ ውስጥ ሠላሳም አርባም ዓመት ይቀመጣል። ጉበት ይቆስላል፣ ይጠግጋል፤ ይቆስላል፣ ይጠግጋል፤ ሲሠራ ሲፈርስ አንድ ቀን አዲሱ ሥጋ ማደጉን ማቆም ይረሳል። ነቀርሳው ያ ነው። ዶክተሩ የሚመራመረው የአንዱ ደም ለምን ይነሣል፣ የሌላው ለምን ይተኛል ብሎ ነው።»

«ከየት ገባባቸው?»

«በዘር አይደለም፤ የአሮጊቷ እናታቸው ደም ንጹሕ ነው። የውባለምም ንጹሕ ነው። የጋሼ ማሩ ግን… ከስለቱ ነው እትዬ። አንዱ ልጅ ካለበት ደሙ በስለቱ ወደ ሌላው ይሄዳል።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ደምሌ ሊነግራት አላስፈለገም። የዚያ ሁሉ አገር ልጅ ደም ተጠራቅሞ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ለሚቆመው ነው። መጨረሻ የሚቆመው ማን ነበር? ደሞዝ። ዳኘው። ማሩ። አባታቸው በጨዋነቱ የሰውን ልጅ ሁሉ አስቀድሞ፣ የሰውን ልጅ ደም ለራሱ ልጆች አጎረሰ። ልጁ እንዲቀድም የተደረገለት አገሬው ደግሞ ዞሮ «ዘራቸው የተረገመ ነው» አለ! በተለየ ሽክና ጠላ ቀዳላት!

«መቼ ነው ይህን ያወቃችሁት?» አለችው።

«ባለፈው ዓመት… ዶክተሩ መልእክት ሲልክ።»

«ባለፈው ዓመት!»

«ጓድ ይርጋ ከለከለን እኮ። ለመሠረተ ትምህርቱ ሽልማት እየጠበቀ ነበር። ‹ስማችንን በበሽታ አታስጠሩ፤ ሕዝብ የሚያሸብር እንደ ፀረ አብዮት ይጠየቃል› አለ። ዶክተሩም ጥናቱ ሲያልቅ ይነገራቸዋል አለ። እኔ ደግሞ ማን ነኝ?»

«ሰው ነበርህ መስሎኝ!» አለችው። «አርብ አርብ እናት ሁሉ ልጇን ታቅፋ በፊትህ ስታልፍ እያየህ፣ ሰላምታ እየሰጠህ! ደማችንን ስትቀዱ አፍ ነበራችሁ፤ ‹እጅሽን ዘርጊ› ስትሉ አፍ ነበራችሁ! ለመንገር ጊዜ ነው አፋችሁ የተዘጋው?»

መልሱን አልጠበቀችም። ነጠላዋን አደግድጋ፣ የአህዮቹን መሐል ሰንጥቃ ሮጠች። ያን ያህል ዘመን ችላ የኖረችው ሁሉ እግሯ ውስጥ የገባ ይመስል ነበር።

የማሩ ግቢ ሞልቷል። ማሩ ዱካ ላይ ተቀምጧል፤ ከስቷል፣ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል፣ ሆዱ ከጋቢው ሥር ገፍቷል። ፊቱ የቆመችው ጎረቤታቸው አበራሽ የልጅ ልጇን ታቅፋ ነው፤ ልጁ ተቆርጦ ደም እየተፋ ያለቅሳል። ከእሷ ኋላ የቀረችው ውባለም ብቻ ናት።

«ነይ ልጄ» አለ ማሩ ስለቱን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ። «እኛ እንኳ የቤት ነን፣ መጨረሻ ነን።»

«እንዳትሰጪው!» ብላ ትርፌ ጮኸች። ደርሳ ሕፃኑን ከውባለም እጅ ነጠቀችው።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለች አበራሽ። «ባልሽን በላሽ፣ አሁን ደግሞ ዋርሳሽን ማሩን ልትበዪ መጣሽ?»

«ባሌን የበላው ይኸ ነው!» ትርፌ በጣቷ ወደ ስለቱ ጠቆመች። «የእናንተን ደም ጠጥቶ ጠጥቶ በመጨረሻ እኛ ላይ ይተፋዋል። ጋሼ ማሩ፣ ደሞዝም ዳኘውም እርስዎም የያዛችሁ እዚችው ግቢ፣ ከሰልፉ ጭራ ቆማችሁ ነው። አባታችሁ የሩቅ ይቅደም እያሉ።»

«አባቴን ተይ!» አለ ማሩ። ሊነሣ ሞከረና አቃተው። «አባቴ ጻድቅ ነበር።»

«ነበሩ። ጽድቃቸው ነው የጨረሳችሁ። ዶክተሩ ያውቃል፣ ደምሌ ያውቃል፣ ይርጋ ያውቃል። የማናውቀው እኛ የምንሞተው ብቻ ነን!»

«የዛር ወሬ ነው» አለች አንዲት እናት ከኋላ። ሌላዋ ግን የቆሰለ ልጇን አፍ ከፍታ ማየት ጀመረች።

ማሩ ስለቱን አላስቀመጠም። «ልጁን አምጪ ትርፌ። ጉሮሮው አብጦ ቢሞትብሽ በማን ታሳብቢያለሽ? ውባለም፣ ልጁን ከእናትሽ ተቀበዪና አምጪው።»

ውባለም እናቷን አየች፣ አጎቷን አየች፣ አልተንቀሳቀሰችም።

ትርፌ ሕፃኑን በግራ ክንዷ አጥብቃ፣ በቀኝ እጇ ስለቱን ከነደሙ ጨበጠችው። መዳፏን ሰነጠቃት። አበራሽ «ኧረ በማርያም!» ብላ ሸሸች። ትርፌ ግን አለቀቀችም፤ ከማሩ የላሉ ጣቶች መሐል መንጭቃ አወጣችው።

«እኔን አይነካኝም» አለች። «ከእሱ ጋር ድሮ ተዋግቼ ጨርሻለሁ። እዚህ ግቢ ውስጥ ያለ ፍርሃት የምይዘው እኔ ብቻ ነኝ።»

ማሩ ባዶ እጁን አየ። «ሌላ አስቀጠቅጣለሁ» አለ። ድምፁ ውስጥ ግን ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ነበር።

«ያስቀጥቅጡ። ቀጥቃጩ አለ፣ አርብም ይመጣል። እኔም እመጣለሁ። በር ላይ ቆሜ ለእያንዳንዷ እነግራታለሁ፤ ይርጋም ከፈለገ ይሰረኝ።»

ማንም እንደማያምናት ታውቃለች። ነገ ወሬው «ባሏን የበላች አበደች» ተብሎ እንደሚዞርም ታውቃለች። ስለቱን በደም ከራሰ ነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ከግቢው ወጣች፤ ውባለም እያለቀሰች ተከተለቻት። ሕፃኑ እናቱን ፈልጎ አፉን እስከ ጥግ ከፍቶ ይጮሃል፤ እንጥሉ ሳትነካ ከነበረችበት አለች።